ያረጀ ውሻችሁ በጠና ሲታመም፦ ማሳከም፣ ማስታመም ወይስ ማሳረፍ?

ውሻችን መከታ ደብረ ማርቆስ ያለውን ግቢያችንን 13 ዓመት ጠብቋል። የሞተው ነሐሴ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ባደረበት ቀን። ኩላሊቱ ከደከመ ሰንብቶ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ሰውነቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፣ ስልኩ ዝግ ነው። አልፈርድበትም። ቀኑን ሙሉ ከከብት ከብት ሲዞር የሚውል ሰው ሌሊት መተኛት አለበት። መብራትም አልነበረም። እኔና እናቴ በሞባይል ብርሃን ጭንቅላቱን ደግፈን ቁጭ አልን። ነፍሱ የወጣችው ሊነጋ ሲል ነው።

ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ያው ሐኪም «ከፈለጋችሁ ሰኞ ቤት ድረስ መጥቼ በመርፌ ላሳርፈው» ብሎኝ ነበር። «ትንሽ ይቆይ» አልኩት። ያቺ ትንሽ ለእኔ ነበረች፤ ለመከታ አልነበረችም።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ያረጀ ውሻ ታሞባችሁ ግራ ለገባችሁ ነው። ጎጃም ላለን ሰዎች ምርጫው አዲስ አበባ ካለው ሰው ይለያል። እዚህ ሌሊት ተነስቶ የሚመጣ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ብዙው የእንስሳት ሐኪም እጁ የለመደው በሬና በግ፣ በቅሎና አህያ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነገር ነው፦ የምትመርጡትን በቀን ምረጡ። ሐኪሙ ስልክ በሚያነሳበት፣ መኪና በሚገኝበት፣ ውሻው ገና ጅራቱን በሚቆላበት ጊዜ ወስኑ። ሌሊት ላይ የሚመረጥ ነገር የለም።

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

እርጅና በሽታ አይደለም። መከታ ውሃ ማብዛት ሲጀምር «ዕድሜ ነው» ብለን ሁለት ወር ያህል አሳለፍን። ውሃ ማብዛት፣ ሽንት ማብዛት፣ መክሳት፣ አፉ መጥፎ መሽተትና ማስመለስ ሲደራረቡ ኩላሊት ይጠረጠራል። ይህን በደም ምርመራ ማወቅ ይቻል ነበር። አንዳንድ ቤት ደግሞ «ሽንቱን አበዛው» ተብሎ የውሃ ሳህኑ ይነሳበታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ የሚጠጣው የሚያጣውን ለመተካት ነው። ውሃ ከተከለከለ በቀናት ውስጥ ይብስበታል።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን መዳን የሚችል ውሻ «በቃው» ሲባል ነው። ሦስቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ድንገት የሚጥለው ነው። ያረጀ ውሻ ጠዋት ሲነሳ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ እየተርገበገበ፣ እንደ ሰከረ ሰው ሲወድቅ ታዩታላችሁ። ሰው ሁሉ አበቃለት ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የውስጥ ጆሮው የሚዛን ክፍል ታውኮ ነው። ማስመለሱን በመድኃኒት እየገቱ፣ በእጅ እያጠጡ ቢጠብቁት በቀናት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙዎቹ ቆመው ይሄዳሉ። አንገቱ ትንሽ ዘንበል እንዳለ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የሞት ውሳኔ አትወስኑ።

ሁለተኛው ከብልት የሚደማ እባጭ ነው። ይህ በግንኙነት ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ የካንሰር ዓይነት ነው። በልቅ በሚሄዱ ውሾች ላይ በብዛት ይታያል። ካንሰር ሲባል ያስፈራል፤ ይህ ግን ከብዙዎቹ ካንሰሮች ይልቅ ለሕክምና ቶሎ የሚበገር ነው። ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል። አብዛኞቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናሉ። የአንዲት ጎረቤታችን ውሻ በ9 ዓመቷ እንዲህ ታክማ ድናለች። ቀድሞ «መርዝ ስጧት» ያሏት ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋ ያቃጥላል፤ ባልሠለጠነ እጅ የሚወጋ መርፌ አይደለም። ከመርፌው በኋላ ባሉት ቀናትም ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን ያለ ጓንት አትንኩ።

ሦስተኛው የማኅፀን መግል ነው። ማኅፀኗ ያልወጣ ትልልቅ ሴት ውሾች የመፈለጊያ ጊዜያቸው ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይይዛቸዋል። ውሃ ታበዛለች፣ አትበላም፣ ታስመልሳለች፣ አንዳንዴ ከኋላዋ መግል ይወርዳታል። ይህ አጣዳፊ ነው። መፍትሔው ማኅፀኑን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነው። ቶሎ ከተደረሰባት ብዙ ጊዜ ትድናለች። ካልተደረሰባት ግን ለማስታመም እንኳ ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይቅደም፤ የእብድ ውሻ በሽታ። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የታች መንጋጋው የወደቀ ወይም ከኋላ እግሩ የሚልፈሰፈስ ውሻ ካያችሁ «አጥንት ሰክቶበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ለብቻው ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪምና ለጤና ጣቢያ አሳውቁ። ነክሶ ወይም ምራቁ ቁስል ነክቶ ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ክትባት ጀምሩ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ደህና የሚመስል ውሻ ሰው ከነከሰ ደግሞ 10 ቀን በክትትል ይቆያል። የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን እስከዚያ አይጠብቅም።

ማሳከም ሲመረጥ

ማሳከም የሚያዋጣው ሕመሙ የሚድን ወይም ለወራት የሚገታ ሲሆን ነው። ከላይ ያሉት ሦስቱ እዚህ ይገባሉ። ከመዥገር የሚመጣ የደም በሽታና የተመረዘ ጥርስም እንዲሁ። ጥርሱ ስለታመመ ብቻ መብላት አቁሞ ከስቶ፣ ባለቤቱ ካንሰር የመሰለው ውሻ አይቻለሁ።

ከወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ጀምሩ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ብቻ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ ዓባይ በረሃ አለ። ልቡ የደከመ ውሻ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን ሲሻገር ያ ሙቀት ቀላል አይደለም። ውሻ ይዞ በሕዝብ ማመላለሻ መሳፈር አይታሰብም፤ መኪና መኮናተር ግድ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ጎህ ሳይቀድ ተነሱ፣ ውሃ ያዙ፣ መስኮት ክፈቱለት። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ደውሉ። የሚያስፈልገው መድኃኒት፣ ራጅ ወይም አልትራሳውንድ በዚያ ቀን መኖሩን ጠይቁ። የታመመ ሽማግሌ ውሻ ይዞ በባዶ እጅ መመለስ ለእሱም ለእናንተም ግፍ ነው።

ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁት፦ ይህ ሕመም ይድናል ወይስ ይገታል? ከታከመ በኋላ ደህና ሆኖ የሚቆየው ስንት ጊዜ ነው? ሕክምናው ራሱ ምን ያህል ያንገላታዋል? እንዳልሠራ በምን እናውቃለን? የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ አልጠየቅኩም። መከታ ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ቀን ግሉኮስ ተሰቀለለት፤ ተነሳ፣ በላ፣ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሞቀ። እነዚያን ሦስት ሳምንታት በምንም አልለውጣቸውም። ሁለተኛው ዙር ግን ስህተት ነበር። የደም ምርመራው አልተሻሻለም፣ ምግብ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ እኛ ግን መርፌ እናስወጋለን። ስለዚህ ሕክምናው የሚቆምበትን ቀንና ምልክት ከመጀመሪያው ቁረጡ። «እስከ ሐሙስ በራሱ ካልበላ ሕክምናውን እናቆማለን» በሉ። ቀኑን ሐኪሙም፣ ቤተሰቡም ይስማው።

ስለ ገንዘብም በግልጽ ተነጋገሩ። የትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ወጪ ያለበት ሰው «ይህን ያህል ነው የምችለው» ቢል ውሻውን አልወደደም ማለት አይደለም። ጠቅላላውን ወጪ፣ ከመኪናው ጋር፣ አስቀድማችሁ አስሉ። በግማሽ መንገድ ገንዘብ አልቆ የሚቋረጥ ሕክምና ከሁሉም የከፋ ነው።

ማስታመም ሲመረጥ

ማስታመም ማለት መተው ማለት አይደለም። በሽታውን ማዳን ቢያቅትም ሕመሙን፣ ጥማቱን፣ ብርዱንና ቆሻሻውን እየተከላከሉ አብሮ መቆየት ነው። ብዙ ሥራ አለው። ለሰው ስናደርገው የኖርነው ነገር ስለሆነ ግን እንግዳ አይሆንብንም። ለኩላሊት ድካም፣ ለልብ ድካም፣ ለመገጣጠሚያ ሕመምና ቀዶ ሕክምና ለማይመከርበት ካንሰር ሕመሙ በመድኃኒት እስከተያዘ ድረስ ጥሩ ምርጫ ነው።

ከመኝታው ጀምሩ። ደጋ ነን፤ ክረምት ላይ መሬቱ ራሱ ይበርዳል። ደረቅ ጭድ ወፈር አድርጋችሁ አንጥፉ፣ ከላዩ ያረጀ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጣሉ። መቆም ያቃተውን ውሻ ቀን ቀን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ወደ ሌላ ጎኑ አገላብጡት። ካልሆነ ዳሌውና ክርኑ ላይ ቁስል ያወጣል። ቁስሉ ላይ ዝንብ ካረፈ ትል ይፈላበታል። ይህን ካያችሁ በኋላ ማስታመሙ ለእሱ ምሕረት መሆኑ ያበቃል። ሽንት ያረጠበውን በለብታ ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት። እናቴ ለዚህ የራሷን አሮጌ ነጠላ ቀድዳ ነበር።

ምግብ ላይ አንድ ልማዳችን አደገኛ ነው። ለውሻ የምንሰጠው ከወጥ የተረፈ ፍትፍት ነው፤ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። ጤነኛው ጥቂቱን ይችለው ይሆናል፤ ደሙ ያነሰ በሽተኛ ግን አይችለውም። ሩዝ በሥጋ መረቅ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ስጡት። ሞቅ ሲል ይሸተዋል፤ ያኔ ይቀምሳል። ጥቂት ጥቂቱን በቀን አራት ጊዜ ማቅረብ ይሻላል። ኩላሊቱ ለታመመ ውሻ ሥጋ አይበዛበት፤ እንቁላልና ሩዝ ይሻለዋል። በሁዳዴ ልኳንዳ ሲዘጋ የታመመ ውሻም አብሮ እንዲጾም የሚተው ቤት አለ። እንቁላል ከገበያ አይጠፋም።

አፉን በጉልበት ከፍታችሁ አታጉርሱት። አልበላም ሲል እየነገራችሁ ያለው ነገር አለ።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ ልለምናችሁ። ቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አትስጡት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይገድላሉ። ፓራሲታሞል ጉበቱንና ደሙን ይጎዳል። በፍቅር የተሰጠች አንዲት ክኒን ውሻ ልትገድል ትችላለች። ለውሻ የሚሆን እንደ ሜሎክሲካም ያለ መድኃኒት ሐኪሙ በኪሎው አስልቶ ያዛል። ኩላሊቱ ለደከመ ግን እሱም አይሆንም፤ ሌላ ዓይነት ማስታገሻ ይፈለጋል። «ኩላሊቱ ታሟል» ብላችሁ ለሐኪሙ ማስታወስ የእናንተ ድርሻ ነው።

ልቡ የደከመ ውሻ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ቶሎ ይደክመዋል። ፉሮሴማይድ ሳንባው ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ይቀንስለታል። መድኃኒቱ ለሰውም የሚታዘዝ ስለሆነ ሐኪሙ ካዘዘላችሁ ከፋርማሲ ይገኛል። እናንተ ደግሞ ሲተኛ ትንፋሹን ቁጠሩ። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ነው። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሄደ ለነገ አትበሉ፣ ደውሉ። ውሻ መተንፈስ ሲያቅተው ከሁሉም የከፋ ሥቃይ ነው።

ኩላሊቱ ለደከመው ደግሞ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለ። ሐኪሙ አንድ ሁለት ጊዜ ካሳያችሁ ቤት ውስጥ መስጠት ይቻላል። ልብ ድካም ላለበት ግን አይሰጥም።

ማስታመምን ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ በቤት ውስጥ ይነሳ። ማነው የሚያስታምመው? እኛ ቤት ሁሉም «እኔ አለሁ» አለ፤ ሌሊት የተነሳችው እናቴ ናት። ሥራ ሄጄ ስመለስ ወገቧን ይዛ አገኘኋት። ተራ አውጡ።

ማሳረፍ ሲመረጥ

በሐኪም መርፌ ማሳረፍ ብዙ ሰው የሚፈራው አሠራሩን ስለማያውቀው ነው። በትክክል ከተሠራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚያረጋጋ መርፌ ጡንቻው ላይ ይወጋል። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚያ በደም ሥሩ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ልቡ ይቆማል። ዓይኑ አይከደንም። አንድ ሁለት ጊዜ እንደ መተንፈስ ሊል ይችላል፣ ሽንትም ያመልጠዋል። ያኔ አይሰማውም። ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ «ገና አልሞተም» ብላችሁ ትሰቀቃላችሁ።

ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ የሚመረጠው መድኃኒት ፔንቶባርቢታል ነው። በየወረዳው መድኃኒት ቤት የሚገኝ ነገር አይደለም። ስለዚህ በስልክ «በምንድን ነው የምታሳርፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው አያሳፍርም። ሐኪሙ ሌላ መንገድ ከተጠቀመ፣ ለምሳሌ ልብ የሚያቆም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ውሻው አስቀድሞ ሙሉ በሙሉ መደንዘዝ አለበት። ቆንጥጠውት የማይነቃነቅ፣ ዓይኑን ቢነኩት የማያርገበግብ መሆን አለበት። ሳይደነዝዝ የሚሰጥ ከሆነ ከባድ ሥቃይ ነው። «ማደንዘዣ የለኝም፣ ግን እጨርሰዋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

ቤት መጥቶ ቢሠራው ይመረጣል። ውሻው የሚያውቀው ጥላ ሥር፣ የሚያውቀው ሽታ አጠገብ ይሆናል። አብሮት መሆን የሚችል ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። እናንተ ካልቻላችሁ ግን አትገደዱ፤ የሚወደው ሌላ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝለት።

የማሳረፍ ጉድለቱ አንድ ነው፤ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ሕመሙ ሳይታወቅ፣ የሚድነው ከማይድነው ሳይለይ አይመረጥም። ከታወቀ በኋላ ግን፣ በተለይ እንደ እኛ ሐኪም በሌሊት በማይገኝበት ቦታ፣ ከሦስቱ ሁሉ የመጨረሻዋን ሰዓት አስቀድሞ የሚያውቅ ይህ ብቻ ነው።

«በራሱ ጊዜ ይሙት» ስንል

ብዙ ቤት የሚመረጠው ይህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳይመረጥ። ተኝቶ እንደ ተኛ የሚሄድ ውሻ አለ፤ ያ ዕድለኛ ነው። በኩላሊት የሚሞት ግን አፉ ይቆስላል፣ ያስመልሳል፣ እንደ መከታ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። በልብ የሚሞት አየር እየፈለገ ነው። በሆድ ውስጥ ያለ እባጭ ፈንድቶ ሲደማ ድድ በድንገት ይነጣል፣ ውሻው ይወድቃል። እንግዲህ ይህን ከመረጣችሁ የትኛው ሞት ሊመጣ እንደሚችል ሐኪሙን ጠይቁ፣ ማስታገሻው አስቀድሞ ቤት ይኑር። ራሱን ስቶ፣ እግሩ ቀዝቅዞ፣ ትንፋሹ ተራርቆ በጸጥታ ተኝቶ ከሆነ ግን አታንገላቱት። ወደ መኪና ከመጫን አጠገቡ መቀመጥ ይሻላል።

ምርጫ ውስጥ የማላስገባቸውም አሉ። ስትሪክኒን ከተሞች ባለቤት የሌለውን ውሻ ሲያስወግዱበት የኖረ መርዝ ነው። ውሻው ሙሉ ልቡን እያወቀ ጡንቻው ሁሉ እየተገተረ ታፍኖ ይሞታል። በፍርፋሪ ተደብቆ የተሰጠውን የጎረቤት ውሻ፣ አሞራና ድመትም ይበላዋል። ገደል ወይም ጫካ ወስዶ መጣልም ለጅብ መስጠት ነው። 10 ዓመት በር የጠበቀ ውሻ እንዲህ አይሸኝም።

እንዴት ልመዝን?

አሊስ ቪላሎቦስ የምትባል አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም ለዚህ ያወጣችው መለኪያ አለ። ሰባት ነገር ታያላችሁ፦ ሕመሙ መያዙ፣ መብላቱ፣ መጠጣቱ፣ ንጽሕናው፣ ደስታው፣ መንቀሳቀሱ፣ ደህና ቀኑ ከመጥፎው መብለጡ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ትሰጣላችሁ። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታመሙ ይቀጥላል። ለሕመም ትልቁን ቦታ ስጡ፤ መተንፈስ መቻልም እዚያ ውስጥ ነው። መተንፈስ ያቃተው ውሻ ሌላው ሁሉ ቢሞላለት ደህና አይደለም።

እኔ ከዚህ ጋር የምመክረው የግድግዳ ካላንደር ነው። ማታ ማታ ደህና ለዋለበት ቀን ክብ፣ ለመጥፎው ኤክስ አድርጉ። ውሻችሁ የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮችም ጻፉ። የመከታ፣ በር ሲንኳኳ መጮህ፣ ከእናቴ ጋር ጠዋት ፀሐይ መሞቅና የእንቁላል ቅርፊት ነበሩ። በመጨረሻው ሳምንት ሦስቱም ቀርተው ነበር። አልጻፍኩትም እንጂ ብጽፈው ኖሮ ቅዳሜ ዕለት ለሐኪሙ የምመልሰው ሌላ ይሆን ነበር። በተከታታይ ሦስት ኤክስ ካያችሁ ደውሉ። ክረምት ከሆነ፣ መንገድ የማያስተማምን ከሆነ ወይም በዓል ከፊት ካለ ሁለትም ይበቃል። ሐኪሙ ለበዓል አገሩ ከሄደ በኋላ የሚብስበት ውሻ ብዙ ነው።

እንግዲህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው። የሚድን ሕመም ከሆነና አቅም ካለ አሳክሙ፤ ዕድሜውን ምክንያት አታድርጉት። የማይድን ግን ሕመሙ የተያዘ፣ የሚበላ፣ ሰው ሲመጣ ቀና የሚል ከሆነ አስታምሙት፤ ሐኪሙን ግን ከወዲሁ አነጋግራችሁ መድኃኒቱ መኖሩን አረጋግጡ። የማይድን ሆኖ ሕመሙ ካልተያዘ ወይም ትንፋሹ ከከበደ አሳርፉት፤ ነገ ዛሬ አትበሉ።

«ነፍስ ማጥፋት አይሆንም ወይ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ቤትም ተነስቷል። እናቴን ያስጨነቃት እሱ ነበር። የነፍስ አባታችንን ጠየቅናቸው። የማይድን እንስሳን ከሥቃይ ማሳረፍ ሰው እንደ መግደል እንደማይቆጠር፣ ጭካኔ ግን በእንስሳም ላይ ኃጢአት እንደሆነ ነገሩን። የእናንተን አባት ጠይቁ። ልባችሁ ካልተቀበለው ማስታመምን ምረጡ፤ ያኔ ግን ማስታገሻ ግዴታችሁ ነው። ጎረቤት «ለውሻም ይለቀሳል?» ይላል። ይበል። እኛ አልቅሰናል።

ለልጆች እውነቱን ንገሯቸው። «ተኛ» ወይም «ሄደ» አትበሏቸው፤ ትንሽ ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል፣ ወይም በር ላይ ሆኖ ይጠብቃል። «በጣም ታሞ ነበር፣ ሞተ» ይበቃል። ሌላ ውሻ ካለ ሬሳውን ያሽተው። የመከታ ልጅ አባቱን አሽትቶ ከአጠገቡ ተኛ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ሄዶ አልጠበቀውም።

ከመሸኘቱ በፊት የሚቆፈር

ጉድጓዱን አስቀድሞ ማሰብ ይከብዳል፤ ግን አስቡት። ጅብ ባለበት አገር ጥልቀት የሌለው መቃብር መቃብር አይደለም። አንድ ሜትር ተኩል ይቆፈር። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ይራቅ። በተለይ በመርፌ ያረፈ ውሻ ከሆነ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ይቆያል። ያንን ሥጋ የበላ ጅብ፣ አሞራ ወይም ሌላ ውሻ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሜዳ ላይ መጣል ፈጽሞ አይሆንም። የእብድ ውሻ በሽታ ከተጠረጠረ ደግሞ ራሳችሁ አትቅበሩት፤ አንጎሉ ሊመረመር ስለሚችል ሐኪሙን ጠብቁ።

እኛ መከታን ከባሕር ዛፉ ሥር ቀበርነው። በእናቴ ነጠላ ጠቀለልነው፣ አፈር መለስንበት፣ ከላዩ ትልልቅ ድንጋይ ደረደርን። ሌሊት ጅብ መጥቶ ነበር፤ ጠዋት ዱካውን አየን። ድንጋዩን አልነቀነቀውም።